በየቀኑ ሥዕል፣ ከሰንበት በቀር

በየዓመቱ ኦክቶበር ሲገባ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጣሉ። ሠዓሊዎች አሉበት፤ ከትምህርት ቤት ወዲህ አንድም ነገር ስለው የማያውቁም አሉበት። ደንቡ አጭር ነው፦ በቀን አንድ ሥዕል፣ በቀለም፣ ለ31 ቀን። ስሙ ኢንክቶበር ይባላል። በእስራኤሏ የፔታህ ቲክቫ ከተማ በስተምሥራቅ ባለችው በሻአሪያ ሰፈር ይህን ወር ልሞክር የሚል ሰው ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ በሰንበት አይጻፍም፣ አይሳልም። ታዲያ "በየቀኑ" የሚለው ነገር እንዴት ሊሆን ነው?

ጥያቄው መልስ አለው። መልሱን ለማግኘት ግን ይህ ወር ከየት እንደመጣና ለምን እንደተጀመረ ማየት ይጠቅማል።

ጀማሪው ጄክ ፓርከር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። በ2009 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቀለም መሳል ላይ እጁን ለማሻሻልና በየቀኑ የመሳል ልማድ ለማበጀት ሲል ለራሱ ያወጣው ሥራ ነበር። ሌሎች ሠዓሊዎች አይተው ተከተሉት፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ደግሞ ከአገር አገር አዳረሰው። ከ2016 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቃል የያዘ ዝርዝር ይወጣል። "ዛሬ ምን ልሳል?" እያለ ሰዓቱን ለሚያባክን ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ኋላ ስሙ በንግድ ምልክትነት በመያዙ በ2019 ቅሬታ ተነሣና ብዙዎች ያንኑ ሥራ በሌላ ስም ቀጠሉበት። ስሙ ምንም ይሁን ምን ሥራው አልተለወጠም።

ለምን ቀለም ሆነ? በእርሳስ የሳለ ሰው ላጲስ አለው። አፍንጫው ጠመመ ብሎ ያጠፋል፣ ደግሞ ይስላል፣ ደግሞ ያጠፋል፤ አንድ ሰዓት አልፎ ወረቀቱ ላይ ያለው ያው አንድ አፍንጫ ነው። በቀለም የተሰመረ መስመር ግን ወጣ ማለት ወጣ ነው። የጠመመውን ይዞ ወደፊት መሄድ ግድ ይላል። ጀማሪን የሚያስፈራው ይኸው ነው፤ የሚያስተምረውም ይኸው ነው። አስቀድሞ በእርሳስ ቀለል አድርጎ መንደፍ በደንቡ ስለተፈቀደ ግን ፍርሃቱ ያን ያህል የከፋ አይደለም።

በየቀኑ መሳል በኢንክቶበር አልተጀመረም። የጃፓኑ ታላቅ ሠዓሊ ሆኩሳይ ዕድሜው 80ን ካለፈ በኋላ፣ በ1842 እና በ1843፣ በየማለዳው አንዳንድ አንበሳ በቀለም ይስል ነበር። ክፉ ነገርን ለማባረር ብሎ የሚያደርገው ነበር ይባላል። አንበሶቹ አንዳንዴ ይዘፍናሉ፣ አንዳንዴ ይተኛሉ፣ አንዳንዴ ከነፋስ ይታገላሉ፤ ከ200 በላይ የሚሆኑት ዛሬም አሉ። በዚያ ዕድሜ፣ ያን ያህል ስም ያተረፈ ሰው፣ አሁንም በየቀኑ ብሩሽ ማንሣቱ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይበልጥ ልብ የሚነካው ነገር ነው።

በኢትዮጵያም የቀለም ሥራ ለብዙ ዘመን የዕለት ተግባር ሆኖ ኖሯል። ቁም ጸሐፊው ጥላሸት ከምጣድና ከድስት ሥር ፍቆ፣ ከተቃጠለ እህል፣ ከቅጠልና ከሙጫ ጋር አዋሕዶ፣ ለወራት አቆይቶ ጥቁር ቀለሙን ያዘጋጃል። ብዕሩ መቃ ነው፤ ቀለሙ የሚቀመጠው በቀንድ ውስጥ ነው። ቀዩ ቀለም ለከበረ ስምና ለአርእስት ይጠበቃል። ብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል በቢላ ይፋቃል፤ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ጠባሳውም ይቀራል። ስለዚህ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓይን ያስባል።

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤልም ይህን ዓለም ያውቁታል። ኦሪታቸው በግእዝ፣ በብራና ላይ የተጻፈ ነበር፤ እንደ ጥቅልል ሳይሆን እንደ መጽሐፍ የተጠረዘ። የጸሎት ቤታቸው፣ መስጊዱ፣ ሥዕል አልነበረበትም። የእጅ ጥበባቸው የወጣው በሌላ በኩል ነው፦ ወንዶቹ በብረት ሥራና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላና በስፌት። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በወለቃ መንደር የሸክላ ሠሪ ሴቶች ትንንሽ የሰውና የአንበሳ ቅርጾችን እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች መደርደሪያቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ማን እንደሠራው ግን ብዙ ጊዜ አይታወቅም።

ወደ ሻአሪያ እንመለስ። ፔታህ ቲክቫ በ1878 የተቆረቆረች፣ "የሰፈራዎች እናት" የሚል ቅጽል ያላት ከተማ ናት። ሻአሪያን ያቀኑት ከየመን የመጡ አይሁድ ናቸው፤ ኋላ ሰፈሯ በከተማዋ ውስጥ ተካተተች። የየመን አይሁድ በብር ሥራቸው ስመ ጥር ነበሩ፤ የሰንበት ማለዳ ምግባቸው ጃህኑን ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ሲበስል ያድራል። ፔታህ ቲክቫ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት። እንዲህ ባለ ሰፈር፣ ደብተር ይዞ ለሚወጣ ሰው የሚሳል ነገር አይጠፋም።

ዋናው ሀብት ያለው ግን ከመንገድ ይልቅ ከቤት ውስጥ ነው፤ በትልልቅ ሰዎች ትዝታ ውስጥ።

ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ የመጡት 8 ሺህ ያህል ሰዎች በእግር ያን ሁሉ በረሃ ሲያቋርጡ የሚሸከሙት ስንቅና ልጅ ነበር። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲወሰድ፣ በአውሮፕላኑ ቦታ የተሰጠው ለሰው እንጂ ለዕቃ አልነበረም። ወፍጮው እዚያው ቀረ። ጋኑ፣ ሙቀጫው፣ ሞፈርና ቀንበሩ፣ የሸማኔው ጉድጓድ፣ የቀጥቃጩ ወናፍ፣ ሁሉም እዚያው ቀረ። ብዙዎቹ የፎቶ ካሜራ ያልነበራቸው ቤተሰቦች ስለሆኑ የእናቶቻቸውን ጓዳ የሚያሳይ አንድ ምስል እንኳ የላቸውም። ያ ጓዳ ዛሬ ያለው 60 እና 70 ዓመት ባለፋቸው ሰዎች አእምሮ ውስጥ ብቻ ነው።

እንግዲህ የቀን ሥዕል ወር ለሻአሪያ ቤቶች ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣውን የቃላት ዝርዝር መከተል ይቻላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ዝርዝሩ ራሱ ወደ ቤት ያስገባል። በ2018 የሦስተኛው ቀን ቃል "የተቆላ" የሚል ነበር፤ የአምስተኛው ቀን ደግሞ "ዶሮ"። አሜሪካዊው የተጠበሰ ሥጋና የእርባታ ዶሮ ይስል ይሆናል። የቡና ፍሬ በብረት ምጣድ ላይ ሲንጣጣ እያየ ላደገ፣ ዶሮ 12 ብልት ሆኖ ሲወጣ ላየ ሰው ግን ሥዕሉ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ብልት በምን ቅደም ተከተል እንደሚወጣ ለመሳል አያትን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በቃል ብቻ የሚገባ ነገር አይደለም።

ከዚያ ይልቅ የሚሻለው የራስን ዝርዝር ማውጣት ነው። አንድ ቤተሰብ አንድ ማታ ቁጭ ብሎ 31 የዕቃ ስሞችን መሰብሰብ አይከብደውም፦ መሶብ፣ አገልግል፣ ጀበና፣ ረከቦት፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ወፍጮና መጅ፣ ገንቦ፣ ማሰሮ፣ ግራምጣ፣ እርፍ፣ ማረሻ፣ ድግር፣ ሽመል፣ ጎጆና ጉልላቱ። ስሞቹ እየተጠሩ ሲሄዱ ሌላ ሌላው ራሱ ይመጣል።

ሥራው ሲጀመር የሚሆነውን መገመት ይቻላል። በዕብራይስጥ ያደገ ልጅ ወፍጮ የሚባለውን ነገር አይቶ አያውቅም። አንድ ክብ ድንጋይ ይስላል። አያቱ ታየዋለች፤ "ክብ አይደለም የኔ ልጅ፤ ወፍጮው ሰፊ ነው፣ ወደ ፊት ዘንበል ይላል፤ መጁ ከላይ በሁለት እጅ ይያዛል" ትለዋለች። ያስተካክላል። ደግሞ ታየዋለች። "ዱቄቱስ የት ይወርዳል?" በዚህ ጊዜ አማርኛው የሚሰባበር ልጅና ዕብራይስጡ የማይሞላላት አያት መሃል ያለው ነገር ቋንቋ ብቻ አይሆንም፤ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ስህተቱም ይጠቅማል፤ ልጁ ወፍጮውን በትክክል ቢስለው ኖሮ አያቱ ይህን ሁሉ ባልተናገረች ነበር።

ይህ ስሜት ብቻ አይደለም። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጄፍሪ ዋምስ፣ ሜሊሳ ሚድ እና ማይራ ፈርናንዴዝ በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች አንድን ቃል ደጋግመው ከሚጽፉት ይልቅ የነገሩን ሥዕል ሲስሉ በደንብ ያስታውሱታል። ሥዕሉ ማማሩ አስፈላጊ አልነበረም። አማርኛ ለሚማር ልጅ "መጅ" የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ከማስጻፍ አንዴ እንዲስለው ማድረግ ይሻላል ማለት ነው።

በአደባባይ ደግሞ ይህን ትዝታ ወደ ትልቅ ሸራ ያወጡ አሉ። ኒሪት ታከለ በ1985 ኢትዮጵያ ተወልዳ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል የመጣች ሠዓሊት ናት። ራማት ጋን ባለው ሸንካር ኮሌጅ ተምራለች። በአክሪሊክ የምትስላቸው ሰዎች አካላቸው ሙሉና ድቡልቡል፣ ቀለማቸው ደማቅ ነው፤ ከወላጆቿ የሰማችውን የመንደር ኑሮም በእስራኤል ያለውን የማኅበረሰቡን ትግልም ትስላለች። የምትሠራው በወር ደንብ አይደለም። ሥራዋን ያየ የሻአሪያ ልጅ ግን የአያቱ ታሪክ ሙዚየም ሊገባ የሚችል ነገር መሆኑን ይረዳል። ፔታህ ቲክቫ የራሷ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አላት፤ በሆሎን ከተማ ደግሞ በ2007 የተከፈተ የካርቱንና የኮሚክስ ሙዚየም አለ። በመስመር ሥራ የተማረከ ልጅ ከሁለቱም ይማራል።

አሁን ወደ ሰንበቱ። በኢትዮጵያ ሳሉ ቤተ እስራኤል በሰንበት አጠባበቃቸው ጥብቅ እንደነበሩ ይታወቃል፤ "ትእዛዘ ሰንበት" የሚባል የራሳቸው መጽሐፍም አላቸው። ኦክቶበር ደግሞ ከሰንበት ሌላ በዓል የሚበዛበት ወር ነው። በ2024 ሮሽ ሃሻና፣ ወላጆቻችን ብርሃን ሠረቀ የሚሉት፣ ኦክቶበር 3 እና 4 ላይ ዋለ፤ ማግስቱ ሰንበት ነበር። አስተሰርዮ በ12፣ የዳስ በዓል መጀመሪያ በ17፣ መዝጊያው ሲምሃት ቶራ በ24። ከሌሎቹ ሰንበቶች ጋር ሲደመር ከ31 ቀን ውስጥ 8ቱ ብዕር የማይነሣባቸው ነበሩ። በ2025 ሰባት ነበሩ። በ2026 በዓላቱ ቀደም ብለው ስለሚውሉ አምስቱ ሰንበቶች ብቻ ናቸው፤ ሲምሃት ቶራም ከአንዱ ሰንበት ጋር፣ ኦክቶበር 3 ላይ ይገጥማል።

ቁጥሩን መሙላት የሚፈልግ መንገድ አለው። አርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ይስላል፤ ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ከወጣ፣ የሰንበት መሸኛው ሃቭዳላ ከተደረገ በኋላም እስከ እኩለ ሌሊት በቂ ሰዓት አለ። በዚህ አቆጣጠር አብዛኛው ሰንበት ከዝርዝሩ አንድም ቀን አያጎድልም። ቀኑን ከምሽት እስከ ምሽት የሚቆጥር ደግሞ ሰንበቱን ባዶ ይተወዋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሁለተኛውን ይመርጣል። ስድስት ቀን ሲስሉ የሰነበቱ ዓይኖች በሰባተኛው ቀን ዝም ብለው ያያሉ፤ የሰንበቱን ዳቦ፣ የአባትን ነጠላ አጣጣፍ፣ ከጸሎት ሲመለሱ በመንገድ የሚነጋገሩትን ሰዎች አቋቋም። እሑድ ላይ ያ ሁሉ ለእስክሪብቶ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ደግሞም አንድ ቀን መዝለል ልማድን አያፈርስም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲይዙ ለ12 ሳምንት ተከታትለዋል። አንድ ነገር ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ፈጀ፤ ፈጣኑ 18 ቀን፣ ዘገምተኛው ከውጤቱ በተሰላ ግምት 254 ቀን። አንድ ቀን መቅረት በውጤቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላመጣም። ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ ሰንበትን ማክበር ከሥዕሉ ጋር አይጋጭም። ሁለተኛ፣ 31 ቀን ለብዙ ሰው አይበቃም፤ ወሩ ሲያልቅ ልማዱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ኖቬምበር ላይ እስክሪብቶውን የሚጥል ሰው የለፋበትን ፍሬ ሳይበላ ይሄዳል።

ፓርከር ራሱም ለሁሉም ሰው በየቀኑ ካልሆነ አላለም። ግማሽ ማራቶን ያለው አለ፣ ቀን በቀን እያለፉ የሚሳልበት፤ 5 ኪሎ ሜትር ያለው ደግሞ በሳምንት አንዴ ነው። ሌሊት ለሚሠራ ሰው፣ ሕፃን ለያዘች እናት ይህ ይሻላል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ የራሱ ስጦታ አለው። ኦክቶበር 1 አብዛኛውን ዓመት መስከረም 21 ነው፤ ወሩም ጥቅምት 21 ላይ ያበቃል፤ አደይ አበባ ገና ሜዳውን የሸፈነበት ጊዜ ነው። የእኛ ወር ደግሞ ልክ 30 ቀን ነው። ከሁሉ የምትመቸው ጳጉሜ ናት፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ። ኢንክቶበርን ለሚፈራ ሰው በጳጉሜ መሞከር ብልህነት ነው።

ለዕቃው ብዙ ማውጣት አያስፈልግም። አንድ ተራ ቢክ እስክሪብቶ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ያወጣል፤ ለወሩ ከበቂ በላይ ነው። ጥርት ያለ መስመር የሚፈልግ፣ ውሃ የማያደበዝዘውን ፒግማ ማይክሮን የመሰለ ቀጭን የሥዕል እስክሪብቶ ይግዛ። በላዩ 01 የሚል ሩብ ሚሊ ሜትር፣ 08 የሚል ግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር ያወጣል፤ አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ካለ በቂ ነው። ወረቀቱ ወፈር ያለ ይሁን፤ በትምህርት ቤት ደብተር ስስ ወረቀት ላይ ቀለሙ ወደ ጀርባ ያልፋል። ገጹ ደግሞ ትንሽ ይሁን። መዳፍ የምታክል ወረቀት በ20 ደቂቃ ትሞላለች፤ ትልቅ ገጽ ግን ደክሞ ከሥራ ለገባ ሰው ያስፈራል።

ብዙዎች የሚያቆሙት በወሩ መሃል ነው። የመጀመሪያው ሞቅታ ያልፋል፣ መጨረሻው ገና ሩቅ ነው፣ ሥዕሎቹም በየቀኑ የሚሻሻሉ አይመስሉም። የሌላ ሰው ሥራ በስልክ ላይ ሲታይ ደግሞ ልብ ይሰበራል። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር ይረዳል። ሥዕሉ የሚሠራበትን ሰዓት ከሌላ የተለመደ ነገር ጋር ማሰር፤ ለምሳሌ ቡና ሲቆላ። ለተወሰኑ ቀናት የራስን ሥዕል ለማንም አለማሳየት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብቻን አለመሆን። በመትናስ (በማኅበረሰብ ማዕከል) ወይም በአንድ ቤት ሳሎን ሦስትና አራት ሰው በሳምንት አንዴ ተሰብስቦ ቢስል ቀሪዎቹ ቀናት ይቀልላሉ። በዓላቱ ኦክቶበር ላይ በሚውሉበት ዓመት ለልጆች ራሳቸው ያግዛሉ፤ ከአስተሰርዮ ዋዜማ እስከ ሲምሃት ቶራ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ በመካከል ባሉት የሥራ ቀናት ሰዓት አያጥራቸውም።

ወሩ ካለቀ በኋላ የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ቅርብ ነው። ከአስተሰርዮ ቆጥሮ በ50ኛው ቀን፣ በሄሽቫን 29፣ ይውላል፤ በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደንግጎታል። በ2026 ኖቬምበር 9 ላይ ነው። ኦክቶበር ሲያልቅ የመጨረሻውን ሥዕል የጨረሰ ቤተሰብ ሥራውን ለማዘጋጀት ከሳምንት በላይ ጊዜ አለው። እያንዳንዱ ወረቀት ጀርባው ላይ የዕቃው ስም በአማርኛና በዕብራይስጥ ይጻፍ፤ የነገረው ሰው፣ የመንደሩ ስምና አውራጃው ይታከልበት። ወለቃ ያለው ጀበናና ሰሜን ተራራ ሥር ያለው ጀበና አንድ ላይሆን ይችላልና ይህ ማስታወሻ ነገ ከሥዕሉ እኩል ይፈለጋል። ወረቀቶቹ በቀን ብርሃን በስልክ ፎቶ ይነሡ፤ ቀለም በፀሐይ ይደበዝዛል፣ ወረቀትም ይቀደዳል። ከዚያ በመትናሱ ግድግዳ ወይም በሳሎን ውስጥ በተዘረጋ ክር ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀሉ። ለስግድ የሚመጡ ዘመዶች ይህን ሲያዩ "ይሄ እኮ የኛ አገሩ አይደለም፣ የኛ አገር ጋን አንገቱ አጭር ነው" የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገብ መኖር አለበት።